ወደ ሰነቴ የተላከ ሰላምታ

አዳማ፣ ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሶሲ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ሙቀት ተነስቶ እዚያ የባሌ ተራራ ብርድ እስኪደርስ እንዳይቀዘቅዝ በደንብ ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ። እንደምን ሰነበትሽ የኔ እናት? እግርሽ፣ ጣትሽ፣ ከንፈርሽ፣ ሁሉም በየተራቸው እንደምን ሰነበቱ? እኛ ደህና ነን። ጥር ሆኖ እንኳ ቀን ቀን ቆርቆሮው በፀሐይ እየተንጣጣ ያስደነግጠናል።

ደብዳቤሽን ራህመቶ አድርሶልኛል። አሰልጣኝሽ ስልክ መሰብሰባቸውን ሰምቼ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ራህመቶ ግን «እትዬ ሸዋ፣ እዚያ ላይ ስልክ ቢኖርም ኔትወርክ የለም፤ ድንጋይ ይዞ እንደመዞር ነው» አለኝና ተውኩት። ለነገሩ እሱ በየሳምንቱ በአይሱዙው ስንቃችሁን ይዞ በጎባ በኩል እናንተ ጋ መመላለሱ ለኔ ጠቀመኝ። በስልክ ቢሆን «ሃሎ ደህና ነኝ፣ ቻው» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። በደብዳቤ ግን ቢያንስ አንድ ገጽ መሙላት አለብሽ።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ ሱሪውን ሰፍቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ከውስጥ በአሮጌው ብርድ ልብስ ገበር አግብቼበታለሁ። ሲያዩት ያስቃል፣ ሲለብሱት ግን ምድጃ ነው።

ሰው ምን ይላል ላልሽው ደግሞ፣ ሰው መቼም ዝም አይልም። ዙህራ በግንቡ ላይ ብቅ ብላ «ሸዋዬ፣ ልጅቷ እዚያ ተራራ ላይ ምን ትሠራለች?» አለችኝ።

«ትወጣለች» አልኳት።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ትወርዳለች።»

«ታዲያ እዚሁ ብትቀመጥስ?» አለችና ተሳስቀን ተለያየን። ልጇን ልትድር ነው፤ ሰርጉ ከረመዳን በኋላ ሆኗል። ቀሚሱን የምሰፋው እኔ ነኝ።

አሁን ወደ አባትሽ ልምጣ። ስትሄጂ የተናገረው ቃል ከባድ እንደነበር አውቃለሁ። «ከዚህ በር ከወጣሽ አባት የለሽም» ሲል እኔም ቆሜ ሰምቻለሁ። ግን የሰውዬውን ሆድ እይለት። አካውንቲንግ ትማሪያለሽ ብሎ ኮሌጅ አስመዝግቦሽ ነበር። ደግሞም ጓደኛው ማስረሻ ከሦስተኛ ፎቅ መወጣጫ ላይ ወድቆ እግሩ ካጠረ ወዲህ፣ ወንድሜ ልዑልሰገድ ራሱ ግንበኛ ሆኖ ከፍታ አይወድም። ቀኑን ሙሉ አየር ላይ የሚውል ሰው ልጁ እንኳ መሬት ላይ እንድትሆንለት ይመኛል። እናትሽም ነፍሷን ይማረውና ከሄደች በኋላ ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

ታዲያ አሁን በርዷል። ሰላም ብሎሻል። «ብርዱ ጥርሷን እንዳይመታት አፏን ሸፍና ትሂድ» ብሎሻል። ማስረሻም ሰላም ብሎሻል፣ ዙህራም ከነቤተሰቧ።

አክስትሽ ሸዋወርቅ


ሰነቴ፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

እቴቴዬ፣

ሱሪው ደረሰኝ! ሚልካ አይታው «ይሄ ሱሪ ሰው ሳይገባበት ብቻውን ጫፍ ይደርሳል» አለች። ሚልካ የወለንጪቲ ልጅ ናት፣ ድንኳን የምንጋራው ከሷ ጋር ነው። ማታ ማታ እግሯን ሱሪዬ ውስጥ ካላስገባሁ ብላ ትጣላኛለች።

አየር የለም ብለሽ እንዳትሰጊ እቴቴ፣ እተነፍሳለሁ። አየሩ ሳሳ ያለ ነው እንጂ አለ። መጀመሪያ ሰሞን ጫማ ማሰር ብቻ እንደ ሩጫ ያደክማል፤ ከዚያ ሰውነት ይለምዳል። ጠዋት በጀሪካን ያደረው ውኃ በረዶ ሆኖ እናገኘዋለን። ጅብራ የሚሉት ረጅም የደጋ ተክል ሰው መስሎ በጉም ውስጥ ቆሞ ይጠብቀናል። አሰልጣኝ ገላና ከኋላችን ሆነው «ሱታ! ሱታ!» እያሉ ይጮኻሉ፣ ቀስ በሉ ማለታቸው ነው። ሌላ አሰልጣኝ «ፍጠኑ» ብሎ ይቆጣል፣ የኛ ደግሞ ስንፈጥን ነው የሚቆጡት።

አሥራ ሁለት ነን። ስድስታችን ለኪሊማንጃሮ እንመረጣለን። የመጨረሻው ፈተና የካቲት 27 ነው። ከሪራ ጫካ ተነስተን፣ ሸክማችንን ይዘን፣ በአንድ ቀን ቱሉ ዲምቱ ጫፍ እንደርሳለን። ያን ቀን ያልተገኘ ሰው ቀረ ማለት ነው። አሰልጣኝ ሁለተኛ ዕድል የሚባል ነገር አያውቁም። እቴቴ፣ እንደዚህ የፈለግኩት ነገር በሕይወቴ የለም። ቦሰት ተራራን ከክፍል ልጆች ጋር የወጣን ቀን፣ ጫፍ ላይ ስንደርስ ሁሉም ፎቶ ሲነሳ እኔ ዝም ብዬ ቆምኩ። ውስጤ ያለው ጫጫታ ሁሉ ጸጥ አለ። ለአባዬ ማስረዳት ያቃተኝ ይሄንን ነው። «ምን አገኘሽበት?» ሲለኝ «ዝምታ» ብለው ይስቅብኛል ብዬ ፈራሁ።

አባዬ ያለውን ደጋግሜ አነበብኩት። አፌን በሻርፕ ሸፍኜ ነው አሁን የምሄደው። ሚልካ «ይሄን ማን አስተማረሽ?» ስትለኝ «አባዬ» እላታለሁ። እንዲህ ማለት ደስ ይላል።

ሌላ ምንም አዲስ ነገር የለም። ጤናዬ በጣም ጥሩ ነው።

ያንቺው ሶሲ


አዳማ፣ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሶሲ፣

«ጤናዬ በጣም ጥሩ ነው» የሚለውን አንብቤ ገና ሳልጨርስ ራህመቶ «አፍንጫዋ መድማቱን አቆመ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። እንግዲህ እኔን ደብቀሽ ለሾፌር ነግረሻል። አትደንግጪ፣ አልተቆጣሁም። ትንሽ ግን ተቆጥቻለሁ። ቫዝሊን ልኬልሻለሁ፣ አፍንጫሽን ከውስጥ ቀቢው። ሁለተኛ ስትደሚ መጀመሪያ የምሰማው እኔ ልሁን። እኔም ምንም አልደብቅሽም።

ኪሊማንጃሮ የሚለውን ለማስረሻ አነበብኩለት። «የምን አገር ነው?» አለ። የታንዛኒያ ነው ስለው «ሲወጡበት ይከፍላሉ ወይስ ይከፈላቸዋል?» አለኝ። እኔም አላወቅኩም። «እኔ ስወጣ ይከፈለኝ ነበር፣ ስወርድ ነው ያልተከፈለኝ» ብሎ አጭሯን እግሩን መታ መታ አደረጋት። ይሄ ሰው በራሱ መቀለድ አይሰለቸውም።

አባትሽም ሰላም ብሎሻል፣ በጣም ሰላም ብሎሻል። «ቁርሷን ሳትበላ እንዳትወጣ፣ ባዶ ሆድ ያዞራል» ብሎሻል። ይሄን ሲል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር፤ ዓይነ አፋር መሆኑን ታውቂያለሽ። እንዴት ነው የምትወጪው፣ ገመድ አለ ወይ፣ ብሎም ጠየቀኝ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ አለ አልኩት።

የዝምታውን ነገር የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ጫፍ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ግን ስፌት መኪናዬ ላይ ቁጭ ብዬ ረጅም መጋረጃ ስሰፋ፣ አንዳንዴ እጄ እየሠራ እኔ የምጠፋበት ጊዜ አለ። እሱን ነው መሰለኝ የምትይው። ከሆነ ገብቶኛል።

ዙህራና ማስረሻ ሰላም ብለውሻል። ለሚልካ ካልሲ ልኬላታለሁ፤ የአንቺን ሱሪ ለአንቺ ትተውልሽ።

አክስትሽ ሸዋወርቅ


አዳማ፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሶሲዬ፣

በጥድፊያ ነው የምጽፍልሽ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ራህመቶ ደጅ ሆኖ ክላክሱን ይነፋብኛል። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ድንኳኑ ከግቢያችን ገና አልተነሳም፣ የእድሩንም ወንበርና ድስት የሚመልስ ሰው አጣሁ። እንቅልፍ ከዓይኔ ከራቀ ሰንብቷል። ድምፄም ጠፍቷል፣ በምልክት ነው የማወራው።

ጥቁር ሹራብ ልኬልሻለሁ፣ እሱን ልበሺ። በሶም አለበት፣ ጾሙ ስለገባ በውኃ በጥብጠሽ ጠጪው።

ዙህራ ሰላም ብላሻለች። ማስረሻ ሰላም ብሎሻል። ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ብሎሻል።

አንቺ ብቻ ጠንካራ ሁኚልኝ ልጄ። እግዚአብሔር ያበርታሽ። ሌላውን ስትመጪ አፍ ለአፍ እናወራዋለን።

አክስትሽ


ጎባ፣ የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

እቴቴ፣

አውቄያለሁ። ስለዚህ አትደብቂኝ።

ጥቁሩን ሹራብ ሳወጣው ነው የጠረጠርኩት። ከዚያ ደብዳቤውን አነበብኩ። ድንኳን፣ የእድር ወንበር፣ የጠፋው ድምፅሽ። ሰላምታው ላይ ስደርስ ዙህራ አለች፣ ጋሼ ማስረሻ አለ፣ ጎረቤቱ ሁሉ አለ። አባዬ የለም። ገልብጬ ከጀርባው ፈለግኩት፣ የለም። «ጠንካራ ሁኚ» ብለሻል። ለምን እንደሆነ ሳትነግሪኝ።

ራህመቶን ጠየቅኩት። «ወላሂ ደህና ናቸው! ሁሉም ደህና ናቸው!» አለኝ። ሰው በእውነት ደህና ከሆነ ማን ይምላል? እሱ ሲምል ጭራሽ አመንኩ። እናንተም ለአቶ ይትባረክ ልጅ እናቱ ስትሞት እንዲሁ ነበር ያደረጋችሁት፤ ፈተናውን እስኪጨርስ «ሰላም ብላሃለች» እያላችሁ። አንቺ ግን ዋሽተሽ መጻፍ አቅቶሽ ዝም አልሽ። ለዚህ አመሰግንሻለሁ።

ለአሰልጣኝ ነገርኳቸው። «ፈተናው ከነገ ወዲያ ነው። ከወረድሽ ቦታሽ አይጠብቅሽም፤ ይሄን አውቀሽ ውረጂ» አሉኝ። «አባቴ ነው» አልኳቸው። ጎባ ድረስ በራሳቸው መኪና አደረሱኝ።

እዚህ ኔትወርክ አለ። ስልኬንም ሰጥተውኛል። ግን መርዶ በስልክ መስማት አልፈልግም እቴቴ። ከራህመቶ ጋር መምጣት እችል ነበር፣ ደብዳቤው ይቅደመኝ ብዬ ለሱ ሰጠሁት። እኔ ነገ በአውቶቡስ እመጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። መናኸሪያ ሰው አትላኪብኝ። ንጋት ላይ ሽማግሌ አሰልፋችሁ አታርዱኝ። በእግሬ ገብቼ ራሴ አለቅሳለሁ።

«አባት የለሽም» ያለኝ ቃል የመጨረሻው ሆኖ እንዳይቀር ፈራሁ። አፌን ሸፍኜ እንደምሄድ ነግረሽው ነበር? እባክሽ ነግሬዋለሁ በዪኝ።

ሶሲ


አዳማ፣ የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሶሲ፣

ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰ! ራህመቶ ዶዶላ ላይ መኪናው ተበላሽቶበት እዚያው ተኝቶ ሰነበተ። አንቺ መጥተሽ፣ አልቅሰሽ፣ አባትሽን ይዘሽ ተመልሰሽ ሄደሽ፣ ደብዳቤሽ ግን ዛሬ «ነገ እመጣለሁ» ይለኛል። ሳቅኩ፣ ከዚያ «ነግረሽው ነበር?» የሚለው ጋ ስደርስ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮት የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። ሰላምታውን ለምን ዘለልሽው አልሽኝ። ሁዳዴ ገባ፣ ልጄ። እውነቱ እንዲህ ነው። አባትሽ ከሄድሽ ጀምሮ አንድም ቀን ሰላም ብሎሽ አያውቅም። ስምሽ ሲነሳ ይነሳና ይወጣል። ያን ሁሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጾሙ ሲገባ በጾም አፌ ውሸት አልጽፍም ብዬ ተውኩት። ፋሲካ ሲሆን ልቀጥል አስቤ ነበር! እኔ ሸዋወርቅ በዕድሜዬ አንድ ጊዜ እውነት ልናገር ብል ወንድሜን ገደልኩት።

ድንኳኑ የዙህራ ልጅ ሰርግ ነው። ሙሽራው ጅቡቲ ወደ ሥራው ሊመለስ ነው ተብሎ ከረመዳን በፊት ሆነ፤ ግቢያቸው ስለጠበበ እኛ ጋ ተተከለ። ድምፄን የዘጋው እልልታው ነው። ሹራቡ ጥቁር የሆነው ቆሻሻ ስለማያሳይ ነው። ጠንካራ ሁኚ ያልኩሽ ለፈተናው ነው። ሰርጉን የነገርኩሽ መስሎኝ ነበር። እኔ እንደሆነ በልቤ ያሰብኩትን ሁሉ የጻፍኩት ይመስለኛል።

አንቺ ፊትሽን መሬት ደፍተሽ ስለነበር ያላየሽውን ልንገርሽ። በሩን ገፍተሽ «አባዬ! አባዬ!» እያልሽ ደጃፉ ላይ ስትወድቂ ዙህራ ማፍጠሪያዋን ጥላ በባዶ እግሯ መጣች። ማን እንደሞተ ሳትጠይቅ ደረቷን ትመታ ጀመር። ማስረሻ ራዲዮኑን እንደያዘ እያነከሰ ደረሰ፤ ራዲዮኑ ደግሞ ኳስ ያስተላልፋል። አባትሽ ሻወር ቤት ነበር። ጭንቅላቱ ሙሉ ሳሙና፣ ወገቡ ላይ ፎጣ፣ «ምንድን ነው? ማን ነው የሞተው?» ብሎ ብቅ አለ።

ዙህራ አየችውና «አንተ ነህ መሰለኝ!» አለችው።

ከዚያ በኋላ ያለውን አይተሻል። እግሩን ይዘሽ «ሰላምታህ ቀረብኝ!» ስትይው «የምን ሰላምታ?» ማለቱን ሰምተሻል። እኔን እንዴት እንዳየኝ ግን አላየሽም። እንዳላየሽው ደስ ይለኛል። ፈተናው ነገ መሆኑን፣ መመለሻም እንደሌለሽ ስትነግሪው ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሳሙናው ራሱ ላይ ደረቀ። ታጠብ የሚለው ሰው ጠፋ።

ጠዋት አንቺ እንደተኛሽ ወደ ስፌት ክፍሌ ገባ። «እትዬ፣ እኔ እስካሁን ምን ምን ብያታለሁ?» አለኝ። አንድ በአንድ ነገርኩት። የጥርሱን፣ የቁርሱን። ሰምቶ ሲያበቃ «የጥርሱን አልልም ነበር» አለ።

«ምን ትል ነበር ታዲያ?»

«ድንጋይ ስትረግጪ ክብደትሽን ሁሉ አትጣዪበት፤ መጀመሪያ በአንድ እግር ሞክሪው ነበር የምላት። ጥርስ ምን ያደርግላታል?»

ከዚያ ማስረሻን በግንቡ ላይ ጠራው፤ «ጫማህን አድርግ፣ ሽምግልና አለብን» አለው። ማስረሻ «የት?» ሲለው «ባሌ» አለ። ማስረሻም ለማኪያቶ የተጠራ ይመስል «እሺ» ብሎ መጣ። እንዲህ ነው ይዘውሽ የሄዱት።

አሁን ቤቱ ጭር ብሏል። አሰልጣኙ ምን እንዳሉ ቶሎ ጻፊልኝ።

አክስትሽ ሸዋወርቅ


ሰነቴ፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እቴቴዬ፣

አባዬ በደህና ገባ? ፊቱ ተመለሰ? እዚህ ሲደርስ ከንፈሩ አመድ መስሎ ነበር። አሁንም ሳስበው እጁን ይዤ መኖሩን ማረጋገጥ ያምረኛል።

አልተሳካም። ስድስቱ ተመርጠዋል፣ ሚልካም አለችበት። ስትነግረኝ ልትደሰት ፈራች፣ እኔ ነኝ አቅፌ ያስጮህኳት። ከዚያ ብቻዬን ከድንኳኑ ጀርባ ሄጄ የራሴን አለቀስኩ። አላማርርም። ቢደገም ደግሜ እወርዳለሁ። ግን በጣም ነው የከፋኝ፤ ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

አሰልጣኝ ከፈለግሽ ቆዪ ብለውኛል። ከክረምት በኋላ፣ ጥቅምት ላይ፣ ለኬንያ ተራራ ሌላ ቡድን ይመረጣል። እስከዚያ ከአዲሶቹ ልጆች ጋር እየተለማመድኩ ስንቅ እሸከማለሁ። እኔ መቆየት እፈልጋለሁ። ግን እንደ ባለፈው ተጣልቼው አልቆይም። ያንን ሁለተኛ አልችለውም። ነይ ካለኝ ሻንጣዬን ይዤ እመጣለሁ፣ ኮሌጁንም እገባለሁ።

ችግሩ ምን እንደሚፈልግ አላውቅም። ሽምግልናው ሲጀመር አሰልጣኝ «አንቺ ድንኳን ግቢ» አሉኝ። ስወጣ አባዬ መኪና ውስጥ ነበር። ግንባሬን ሳመኝና ፊቱን አዞረ። አንድ ቃል አልተናገረም። እዚያ ምን ተባለ? ቤት ሲመጣስ ምን አለ? ጾሙ ገና ስላልተፈታ አንቺን ነው የማምነው።

ሶሲ


አዳማ፣ መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሶሲ፣

አባትሽ በደህና ገብቷል። በላ፣ ተኛ፣ በማግስቱ ሥራ ሄደ። ሆድሽን ለኔ ነው የምትነግሪው፣ ደግ አደረግሽ። እኔም አልቅሼልሻለሁ። እንዲህ ላለ ነገር የአንድ ሰው እንባ አይበቃውም።

የሽምግልናውን ማስረሻ ነው የነገረኝ፤ እሱ ደግሞ ቢጨምር እንጂ አይቀንስም። ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው፤ እሺ እስኪባል አይቀመጥም። አባትሽና ማስረሻም ነጠላቸውን አጣፍተው ቆሙ። «የመጣነው…» ብሎ አባትሽ ጀመረ፤ ትንፋሹ አለቀ። ማስረሻ ሊረዳው «ልጃችን…» አለ፤ የሱም አለቀ። ተያይዘው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። «በሕይወቴ ያየሁት፣ እሺ ሳይባል የተቀመጠ ሽማግሌ ራሴ ነኝ» ይላል ማስረሻ። አሰልጣኙ ራሳቸው ሻይ አጠጧቸው፣ «ሱታ፣ ሱታ» እያሉ።

አባትሽ እንደምንም «ልጄ የወረደችው ለኔ ብላ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ።

«ጥፋት የማንም አይደለም። እኔም አባቴ ቢሆን እወርዳለሁ» አሉት። «ግን ስድስቱ ሞልተዋል። ማንን ላውጣልዎት ጋሼ ልዑልሰገድ? የወለንጪቲዋን ልጅ ላውጣት?»

አባትሽ «የሰው ልጅ አላስወጣም» አለ። ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። ማስረሻ እንነሳ ሲለው ግን አልነሳም አለ። ገመዱን አምጡልኝ ብሎ በእጁ ሳበው። የምትቆሚበትን ማን እንደሚያየው፣ ጉም ሲመጣ ማን ተመለሱ እንደሚል፣ ሰው ቢታመም በየት እንደሚወርድ፣ ሁሉን ጠየቀ። ሕንፃ ሊረከብ የመጣ ይመስል ነበር አለኝ ማስረሻ። አሰልጣኙ አንዱንም ሳይሰለቹ መለሱለት። መኪና ውስጥ አንቺን ያላናገረሽ ደግሞ ተቆጥቶ አይደለም። አፉን ቢከፍት እንደሚያለቅስ አውቆ ነው። እስከ ዶዶላ አልተናገረም፤ ዶዶላ ላይ «ብርቱ ናት አይደል?» ብቻ አለው።

አሁን የጠየቅሽኝ ጋ ደረስኩ። ማክሰኞ ዕለት ሥራ አስፈቅዶ ኮሌጁ ሄደና ስምሽን አሰረዘ። ማንንም አላማከረም። መጥቶ ነገረኝና ምሳውን በላ። እኔም እንግዲህ ልጅቷ ትቆይ ማለቱ ነው ብዬ ልጽፍልሽ ተነሳሁ። «ቆይ እትዬ፣ ሌላም አለ» አለኝ። ማስረሻን ጠራ፣ ዙህራን ጠራ፣ ፊታቸው አስቀመጠኝ።

«እኔ ብሞት» አለ፣ «ልጅቷ ጫፍ ሳትደርስ እንዳትነግሯት። ቅበሩኝና ዝም በሉ። ስትወርድ ትስማ።»

«አንተ ሰው፣ በሁዳዴ ምን ዓይነት ወሬ ነው የምታወራው!» አልኩት።

«ማይልኝ» አለ።

«በጾም አልምልም!»

«እንግዲያው ቃል ግቢልኝ። አንዴ አልቅሳልኛለች፣ ከበቂ በላይ ነው። ሁለተኛ በኔ ምክንያት አትወርድም።» ዙህራ «አንተ ደግሞ መሞት ለመድክ!» ብላ ሳቀች፤ እሱ ግን አልሳቀም። እኔ ወንድሜን አውቀዋለሁ፣ የምሩን ነው። ቃል ገባሁለት።

ለአንቺም መልእክት አለው። ይሄንን እኔ አልፈጠርኩትም፤ ማስረሻና ዙህራ ምስክሮቼ ናቸው፤ ጾሙም አልተፈታም። እንዲህ በያት አለኝ፤ «ውጪ። ብሞት እንኳ እንዳትወርጂ።»

እንግዲህ ልጄ፣ እኔን ታውቂኛለሽ፤ የሰርግ ድንኳን ተክዬ ወንድሜን የገደልኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ቃል ይዤ ብዙ አልቆይም። ስለዚህ ቶሎ ውጪልኝ።

አክስትሽ ሸዋወርቅ